ከላሊበላ እስከ አክሱም ስንት ነው?

ከላሊበላ እስከ አክሱም ምን ያህል ይርቃል? ጥያቄው የአራተኛ ክፍል የጂኦግራፊ ፈተና ይመስላል። መልሱ ግን እንደ ተጠያቂው ይለያያል። ካርታ ዘርግቶ ማስመሪያ ለሚያስቀምጥ ሰው 240 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለአብራሪ አርባ አምስት ደቂቃ ነው። ሹፌር ብትጠይቁ «በየትኛው መንገድ?» ብሎ መልሶ ይጠይቃችኋል፤ በአንዱ ወደ 400፣ በሌላው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናልና። በእግሩ ለሚሄድ ተሳላሚ ደግሞ ርቀቱን የሚወስኑት የወንዞቹ ሙላትና የስንቁ መጠን ናቸው። ይህን ጥያቄ ላለፉት በርካታ ዓመታት ደጋግሜ ሳነሣውና ሳሰላው ኖሬአለሁ። አንድ መንግሥት የአገሩን ከተሞች ርቀት የሚለካበት መንገድ ማንን እንደሚያይና ማንን እንደማያይ ይናገራል ብዬ ስለማምን፣ ዛሬ ስሌቴን ለአንባቢ ላካፍል።

በ1999 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ለአንድ የውጭ አገር የጥናት ቡድን አስተርጓሚ ሆኜ ከላሊበላ ወደ አክሱም በርሬ ነበር። በዚያን ዘመን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ባሕር ዳርን፣ ጎንደርን፣ ላሊበላንና አክሱምን እንደ መቍጠሪያ ፍሬ አንድ በአንድ እየነካ የሚሄድ በረራ ነበረው፤ የጉብኝት ሰዎች «ታሪካዊው መሥመር» ይሉታል። አውሮፕላኑ ፎከር 50 ነበር፤ ባለ ሁለት ፕሮፔለር፣ ሃምሳ ሰው ገደማ የሚጭን። የላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማዋ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ቁልቁል ተወርዶ፣ ሽምሽሃ በሚባለው ሜዳ ላይ ይገኛል። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ ሳለ ማረፊያው ከእርሷ አምስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ወደ ሰማይ ለመውጣት መጀመሪያ መውረድ ግድ ነበር ማለት ነው።

አውሮፕላኑን ስንጠባበቅ፣ በማረፊያው ዕቃ ተሸካሚ የሆነ የወንድማቸውን ልጅ ሊጠይቁ የመጡ አንድ አረጋዊ ቄስ አጠገቤ ተቀመጡ። መስቀላቸውን ከተሳለምኩ በኋላ ጨዋታ ተጀመረ።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ወደ አክሱም ነው፣ አባቴ።»

«ጽዮን ታድርስህ። በስንት ትገባለህ?»

«በአርባ አምስት ደቂቃ ነው የሚሉት።»

ጥቂት ዝም አሉና፣ «እኔ ሦስት ጊዜ ተሳልሜአታለሁ። አሥራ አንድ ቀን ነው የሚፈጀው» አሉ። መንገዱንም በጣታቸው እየቈጠሩ ይነግሩኝ ጀመር። በቢልባላ አድርጎ ሰቆጣ፣ ከሰቆጣ ጸላሪን ተሻግሮ አበርገሌ፣ ከዚያ ተምቤን፣ ከተምቤን ወሪን ተሻግሮ ዓድዋ፣ ከዓድዋ አክሱም። እኔን ያስገረመኝ ግን የቦታዎቹ ስም አልነበረም። በየመንገዱ ያሳደሯቸውን ሰዎች ስም፣ የልጆቻቸውን ቍጥር፣ የትኛው ቤት ጠላ እንደ ጠመቀላቸውና የትኛው ቤት እህል አልቆበት ውኃ ብቻ እንዳቀረበላቸው ያስታውሱ ነበር። «አሥር ሌሊት፣ አሥር ደጅ» አሉኝ። ግማሹን መንገድ ትግርኛ ሳይችሉ፣ ሰቆጣ አካባቢም ኽምጣና ሳይሰሙ ነው ያለፉት። «በእግዜር እንግዳነት» ብለው ከቆሙ በሩ ይከፈት ነበር።

አውሮፕላኑ መጣ፤ ተሳፈርን። መቀመጫዎቹ ጥቂት ሲቀሩ ሁሉም ተይዘው ነበር። ከእኔ ሌላ ኢትዮጵያዊ ሆነው ያየሁት ሁለት መንገደኞችን ብቻ ነው፤ ሁለቱም ለሥራ ከአዲስ አበባ የመጡ። ከላሊበላ ተነሥቶ አክሱም ላለው ዘመዱ ወይም ገበያው የሚሄድ አንድም ሰው አላገኘሁም። ለነገሩ አየር መንገዱ ለአገሬው ነዋሪ ከውጭ ዜጋው ያነሰ ዋጋ ነበረው። ይሁንና ያ የቀነሰው ዋጋ እንኳ የመምህርን የወር ደመወዝ የሚያናጋ ነበር፤ የላስታ ገበሬማ ሊያስበውም አይችል።

ስለ አርባ አምስቱ ደቂቃ አንድ ነገር ልበል። ፎከር 50 ከፍታውን ይዞ ሲበር በሰዓት ወደ 500 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በዚህ ፍጥነት 240 ኪሎ ሜትር ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የቀረውን ጊዜ የሚበላው መሬቱ ነው። የበረራ ሰዓት የሚቈጠረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ ሲሆን፣ ማኮብኮቡ፣ ከሸለቆው ለመውጣት መክበቡ፣ መውጣቱና መውረዱ ሁሉ ይገባበታል። ከላሊበላ በላይ አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ቆሟል። አየሩም በዚያ ከፍታ ስስ ነው፤ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል፤ ክንፍም የሚሸከመው ክብደት ይቀንሳል። በደጋ ማረፊያዎች የማለዳ በረራ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። ሰማዩም ቢሆን ተራራውን ሳይጠይቅ የሚታለፍ አይደለም ማለት ነው።

በመስኮቱ ቁልቁል ሳይ መሬቱ በጥር ፀሐይ ቡናማ ሆኖ፣ እንደ አሮጌ ብራና ተጨማዶ ይታየኝ ነበር። አልፎ አልፎ የቆርቆሮ ጣሪያ ብልጭ ይላል። ያኔ በግንባታ ላይ የነበረው የተከዜ ግድብ ከመንገዳችን በስተግራ ብዙም አይርቅም ነበር፤ 188 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ግድብ ተመርቆ ሥራ የጀመረው በ2002 ዓ.ም. ነው። ከወንበሩ ኪስ መጽሔት አውጥቼ የበረራ ካርታውን ተመለከትኩ። ላሊበላ ነጥብ ናት፤ አክሱም ነጥብ ናት፤ በመካከላቸው ቀጭን መሥመር ተሰምሯል። ከመሥመሩ ሥር ምንም የለም። የቄሱ አሥር ደጆች፣ ሰቆጣ፣ አበርገሌ፣ ተምቤን፣ አንዳቸውም የሉም። በእርግጥ የበረራ ካርታ ሥራው ይህ ነው፤ አውሮፕላን የሚያርፍበትን እንጂ የሚያልፍበትን አያሳይም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ቢሮዎች ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የልማት ካርታም ከዚህ ብዙ የማይለይ መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል።

በየብስ መሄድ የፈለገ ሰው ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው ትልቁ መንገድ ነው። ወደ ሰሜን ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከላሊበላ ወደ ጋሸና፣ ከጋሸና ወደ ምሥራቅ ወልድያ። ከወልድያ በኋላ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቀየሰውን የአስመራ መንገድ ይዞ በአላማጣ፣ በኮረም፣ በማይጨው፣ በመቀሌና በዓዲግራት አድርጎ ወደ ምዕራብ በመታጠፍ ዓድዋና አክሱም ይገባል። ይህ ነው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው። ሁለተኛው የቄሱ መንገድ ነው፤ በሰቆጣና በዓብዪ ዓዲ የሚያልፈው። ይህኛው በእጅጉ ያጥራል። ግን እኔ በበረርኩበት ዘመን ያልፈራ ሹፌርና ያልደከመች ላንድክሩዘር የሚጠይቅ የኮረት መንገድ ነበር።

ይህ አጭሩ መንገድ በታሪክ የመጀመሪያው እንጂ ሁለተኛው አልነበረም። ከአፋር ዝቅታ የሚወጣው አሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ሲገባ ሰቆጣ ትልቅ ገበያው ነበረች። የዛጉዌ ነገሥታት አገውኛ ተናጋሪው አገር ያፈራቸው ናቸው። ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ በዋሻ ውስጥ የቆመውን ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው፣ እንጨትና ድንጋይ በተራ በተራ እየተነባበረ የተሠራበት ጥበብ ከአክሱም የመጣ መሆኑን ይረዳል። ላሊበላ ውስጥ ያለው ቤተ አማኑኤል ደግሞ ያንኑ የእንጨትና የድንጋይ ሥራ ከአንድ ወጥ አለት ፈልፍሎ አስመስሎታል። የአክሱም ሐውልቶችም የሚያሳዩት ይህንኑ ነው፤ የቤት ቅርጽ ይዘው፣ መስኮትና የወራጅ ጫፍ ተቀርጾባቸው ቆመዋል። ከሰቆጣ አጠገብ ያለው ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ፣ እርሱም ከአለት የተፈለፈለ፣ በሁለቱ መካከል ይገኛል። እነዚያ ሠራተኞች መንገዱን ያውቁት ነበር። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት አክሱም ለላሊበላ በአርባ አምስት ደቂቃ ከቀረበችበት ዘመን ይልቅ ትቀርባት ነበር ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

አየር መንገዱን ለመውቀስ አይደለም ይህን የምጽፈው። በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው ይህ ድርጅት፣ መንገድ ያልገባባቸውን የክፍለ ሀገር ከተሞች በዳኮታ አውሮፕላኖች ከዓለም ጋር አገናኝቷል። ላሊበላ ራሷ ለረዥም ዘመን የነበራት ማረፊያ የአፈር ሜዳ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ይዘጋል፤ ከተማዋም እስከ መስከረም ከሰማይ ትቆረጣለች። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። በእነዚህ ሁለት ከተሞች መካከል የተዘረጋው የአየር መሥመር የተዘረጋው ለማን ነው? ከአዲስ አበባ ተነሥቶ አዲስ አበባ የሚመለስ ክብ ነበር። ጎብኚውን ከአንዱ የዓለም ቅርስ ወደ ሌላው ያደርሳል፤ ላሊበላ እ.ኤ.አ. በ1978፣ አክሱም በ1980 በዩኔስኮ መዝገብ የሠፈሩ ናቸውና። ሁለቱን ከተሞች ከማዕከሉ ጋርና ከውጭው ዓለም ጋር አገናኘ። እርስ በርሳቸው ግን አልተገናኙም።

ማዕከል ላይ ተቀምጦ መለካት የቆየ ልማዳችን ነው። የጂኦግራፊው ሊቅ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም ስለ ረኃብ ባደረጉት ጥናት የመዘገቡት አንድ ነገር ከአእምሮዬ አይጠፋም። በ1958 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ገብቶ፣ ወሬው በኅዳር ወር የአገር ግዛት ሚኒስቴር ደርሶ ነበር። ከሚኒስቴሩ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ ለመግባት 302 ቀን ፈጀበት። አንባቢዬ ልብ በል፤ ወረቀቱ ከወሎ አዲስ አበባ እስኪደርስ አይደለም፤ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ፣ በአንድ ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ ቢሮ ወደ ቤተ መንግሥት እስኪገባ ነው። ቄሱ በዚህ ጊዜ ላሊበላና አክሱምን አሥራ ሦስት ጊዜ ደርሰው መልስ በጨመሩ ነበር። ወሬው ሲደርስም ከወሎ ባለሥልጣናት የተጠየቀው የሞቱት ሰዎች ስም ዝርዝር ተጽፎ እንዲላክ ነበር። ያንን አገር የሚያልፉ አውሮፕላኖች በዚያም ዓመት በሰማዩ ላይ ነበሩ። በ1977ቱ ረኃብ ደግሞ የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው እየበሩ የእህል ከረጢት በደጋው ሜዳ ላይ ይጥሉ ነበር። መኪና ሊደርስበት ያልቻለ ሰው እህል ከሰማይ ወረደለት። ለተራበው ሰው መና ነው፤ ለመንግሥት ግን ክስ ነው።

የአክሱም ሐውልት አመላለስም የዚሁ ታሪክ ሌላ ገጽ ነው። ፋሺስት ጣሊያን በ1929 ዓ.ም. ሐውልቱን በየብስ ወደ ምጽዋ አውርዶ በመርከብ ወሰደው። በ1939ኙ የሰላም ውል በ18 ወር ውስጥ የዘረፈችውን ልትመልስ ጣሊያን ፈርማ ነበር፤ ሐውልቱ ግን ሮም አደባባይ ላይ አምስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ቆየ። መመለሱ ሲወሰን ደግሞ በመጣበት መንገድ መመለስ አልተቻለም። ምጽዋ ከአክሱም በቀጥታ ቢለካ 200 ኪሎ ሜትር አትሞላም። ነገር ግን ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. በተካሄደው ጦርነት ድንበሩ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ 24 ሜትር ርዝመት፣ ከ150 ቶን የማያንስ ክብደት ያለው ድንጋይ በሦስት ተከፍሎ፣ በግዙፉ አንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት ጉዞ፣ በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ከሮም አክሱም በረረ። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው፤ እኔም በቴሌቪዥን እያየሁ እንባዬ መጥቷል። ይሁን እንጂ በዚያች ሰዓት ሮም ለአክሱም ከምጽዋ ይልቅ ቀርባ ነበር። ጎረቤት የራቀበት አገር ሩቁን አቅርቦ ይደሰታል።

ጦርነቱን ሳላነሣ ይህን ጽሑፍ ልጨርሰው አልችልም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሲጀመር በመጀመሪያ የተቆረጡት ስልኩና በረራው ነበሩ። በኅዳር ወር የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያ ማኮብኮቢያው ተቆፍሮ ከጥቅም ውጭ ሆነ። በዚያው ወር በ19 እና በ20፣ በኅዳር ጽዮን ዋዜማ፣ የኤርትራ ወታደሮች በከተማዋ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎችን እንደ ገደሉ አምነስቲ ኢንተርናሽናልና ሂዩማን ራይትስ ዎች በምርመራቸው አውጥተዋል። በሐምሌ 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ላሊበላ በትግራይ ኃይሎች እጅ ገባች፤ በ2014 ኅዳርና ታኅሣሥ ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋወረች። ያለ መብራት፣ ያለ ስልክ፣ ያለ ባንክ ወራት ገፋች። የሽምሽሃው ማረፊያም ተዘረፈ፤ ተጎዳ። በመካከል ያለው፣ በበረራ ካርታው ላይ ያልነበረው አገር፣ ከሰቆጣ እስከ አበርገሌ፣ የጦር ግንባር ሆነ። ከአበርገሌ የተፈናቀለው ሕዝብ ሰቆጣ ላይ በሸራ ሥር ተጠለለ። አንድ ጊዜ እንኳ መንገድ ያልተሠራለት ምድር ለታንክ መንገድ አላጣም።

በእነዚያ ሁለት ዓመታት ስለ ሰሜኑ የሚጽፉ ሰዎች፣ ካርታ ከፊታቸው ዘርግተው፣ ስለ መሥመርና ስለ ወሰን ሲከራከሩ አነብብ ነበር። አብዛኞቹ እንደ እኔው ያንን አገር በመስኮት ያዩት ናቸው። ብዙዎቹም ከዋሽንግተንና ከለንደን የሚጽፉ ናቸው፤ ለአንዳንዶቹ ላሊበላና አክሱም በአንድ የሽርሽር ሳምንት ውስጥ የሚጎበኙ ሁለት ቦታዎች ነበሩ። የቄሱን አሥር ደጆች የሚያውቅ ሰው በእነዚያ ክርክሮች ውስጥ ድምፅ አልነበረውም። ደጆቹ ከሁለቱም ወገን ነበሩ፤ አምስቱ አማርኛና ኽምጣና የሚነገርባቸው ቢሆኑ አምስቱ ትግርኛ ናቸው። ከመካከላቸው ስንቶቹ ዛሬ ቆመው እንዳሉ አላውቅም፤ ቄሱም በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ የነገረኝ የለም።

የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። በታኅሣሥ 19 የመጀመሪያው የመንገደኞች በረራ መቀሌ አረፈ፤ በየቤቱ የነበረው ለቅሶና ደስታ የሚረሳ አይደለም። የአክሱም ማረፊያ ግን ተጠግኖ የተከፈተው በግንቦት 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በመካከሉም በ2015 ክረምት በአማራ ክልል በተነሣው ውጊያ የላሊበላ በረራ ተቋርጦ ነበር። አንዱ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል። ሁለቱም ክፍት በሆኑበት ቀን እንኳ፣ ቀጥታ በረራ ከሌለ፣ ከላሊበላ አክሱም የሚሄድ ሰው በአዲስ አበባ መዞሩ ነው። ወደ ደቡብ 330፣ ተመልሶ ወደ ሰሜን 570፣ በድምሩ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለ240 ኪሎ ሜትር አራት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው መንገድ ነው።

«ቀጥታው መሥመር አያዋጣም፤ መንገደኛ የለውም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የንግድ ድርጅት እንደዚያ ቢያስብ አይፈረድበትም። እኔም አውሮፕላን አልጠየቅሁም። የምለው በሰቆጣና በዓብዪ ዓዲ በኩል ያለው መንገድ አውቶቡስ ዓመቱን ሙሉ የሚመላለስበት አስፋልት ይሁን ነው፤ በየወንዙ ድልድይ፣ በየገበያው መናኸሪያ ይኑረው። ለሰሜኑ ሰላም ከተበጀተው የስብሰባና የሆቴል ወጪ ጥቂቱ እዚያ ቢውል እመርጣለሁ። ጨው ነጋዴው፣ ማር ሻጩ፣ ተሳላሚውና አማቹን ሊጠይቅ የሚሄደው ሰው በአንድ አውቶቡስ ቢሳፈሩ የሚነጋገሩትን ማንም ሸምጋይ አያውቀውም።

አማች ካልኩ ዘንድ የአንድ ወዳጄን ቤት ነገር ልንገራችሁ። በ1999ኙ ጉዞ ላሊበላ ላይ የተዋወቅሁት አስጎብኚ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ተለያይተን አናውቅም። ታላቅ እኅቱ አክሱም አንድ መምህር አግብታ ልጆች ወልዳ ትኖራለች። እናታቸው በመጋቢት 2014 ዓ.ም. ላሊበላ ውስጥ ዐረፉ። ወደ አክሱም ስልክ የለም፤ መንገድ የለም። መርዶውን የሚያደርስ ሰው አልተገኘም። ስልክ ተከፍቶ ድምፅዋን የሰማው ከአሥር ወር በኋላ በጥር 2015 ነበር። መጀመሪያ የጠየቀችው «እማማ እንዴት ናት?» ብላ ነው። ወዳጄ ይህን ሲነግረኝ በዚህ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ያቆማል።

ከፋሲካ በኋላ፣ በሚያዝያ ወር፣ መቃብሩን ለማየት ተነሣች። በአላማጣ በኩል ያለውን የየብስ መንገድ ቤተሰቡ ፈራው። ስለዚህ ከአክሱም በአውቶቡስ መቀሌ ገብታ ልጇ ዘንድ አደረች። በማግሥቱ ከመቀሌ አዲስ አበባ በረረች። ያ በረራ ከላሊበላ በስተምሥራቅ ብዙም ሳይርቅ ነው የሚያልፈው፤ ሰማዩ ጠርቶ ነበርና የላስታን ተራሮች በመስኮት አየቻቸው። አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድራ በሦስተኛው ቀን ጧት ሌላ አውሮፕላን ተሳፍራ ወደ ኋላ ተመለሰች። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዛ ማለት ነው። ለትኬቱ ወዳጄ ከአስጎብኚነት ዘመኑ የቀረችውን ካሜራውን ሸጧል፤ ጎብኚ ከጠፋ ቆይቶ ነበርና ካሜራዋም ሥራ ፈትታ ነበር።

ሽምሽሃ ላይ ተቀበላት። ተቃቅፈው ሲላቀሱ ቆዩና ወደ ከተማ የሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ፣ «ትናንት በዚህ አልፌ ነበር እኮ» አለችው። እናታቸው በተቀበሩበት ደብር በደረሱ ጊዜ በመቃብሩ ላይ ሣር በቅሎ፣ አርባውም፣ ሰማንያውም፣ ሙት ዓመቱም ወጥቶ ነበር።